ደረቅ መስታወት

«ለብረቱ አዘነ እንጂ ለወንድሙስ አላዘነም።»

ነጅሙዲን ይህን የሰማው ሱብሂ ሰግዶ ቁርበቱን ሲጠቀልል ነው። ድምፁ የሐጂራ ነበር፤ የታናሽ ወንድሙ የቃሲም ሚስት። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው ጭቃ የተመረገ አንድ የእንጨት ግድግዳ ነው። ጭቃው በቆላው ሙቀት ተሰነጣጥቆ እየረገፈ በአንዳንድ በኩል ጣት ያሳልፋል። ሐጂራ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል።

«ትናንት ወጥቶ ቢሆን ይኸኔ ልጆቼ ከአባታቸው ጋር ነበሩ። ምን ብሎ ተመለሰ? እንጨት ላይ የታሰረች ላስቲክ አልወዛወዝ አለችኝ ብሎ! የዝናብ መጥረጊያ! በዚህ አገር ዝናብ ያየነው መቼ ነው?»

ይህን ሁሉ የምትነግራት የነጅሙዲንን ሚስት ሙሀባን ነው። ነጅሙዲን ቁርበቱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። ሙሀባ አንድ ነገር ትላለች፣ «ኧረ ተይ፣ እንዲህስ አይደለም» የምትል ቃል ከአፏ ትወጣለች ብሎ ነበር። የሰማው እንስራ መሬት ሲነካና የሐጂራ ፍየል ስትጮህ ብቻ ነው። የሐጂራ ንግግር ያን ያህል አልጎዳውም፤ ባሏ የታሰረባት ሴት ናት። የሙሀባ ዝምታ ግን ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቁርበቱን ሰቅሎ፣ ሽርጡን አጥብቆ ወደ ግቢው ወጣ። የጭነት መኪናው ከግራሩ ሥር እንደ ታመመ ግመል አጎንብሶ ቆሟል።

ቃሲም ከተያዘ ሰንብቷል። በአህያ ማሽላ ጭኖ ወደ ቀወት ቆላ ሲወርድ አገኙትና እህሉን ለአርበኞች ልታቀብል ነው አሉት። እሱ ለአማቶቼ ነው የምወስደው አለ። እውነቱን ነጅሙዲንም አያውቀውም፤ ጠይቆትም አያውቅ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ወንድም ወንድሙን የማይጠይቀው ነገር በዝቷል። ቃሲምን ደብረ ሲና ወስደው አሰሩት። ከዚያም አርብ ጧት እስረኞቹ በሙሉ ወደ አዲስ አበባ ይጫናሉ የሚል ወሬ ወረደ። ከአዲስ አበባ ወዲያ ወዴት እንደሚወሰዱ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ባሕር ያሻግሯቸዋል ይላል፤ አንዳንዱ ይህንንም ሳይል ራሱን ይነቀንቃል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ቃሲምን የማስፈቻውን መንገድ ያመጣው አብዱልወሃብ ነበር። አብዱልወሃብ የሙሀባ ወንድም ነው፤ በሸዋ ሮቢት የጣሊያን ሰፈር ያስተረጉማል። ማታ ማታ እህቱ ዘንድ ሲመጣ ቆቡን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ ሲወጣ መልሶ ያደርገዋል። ደብረ ሲና ያለው ካፒቴን ለራሱ ጉዳይ የሚሆን መኪና ይፈልጋል አለ። ነጅሙዲን መኪናውን በደህና አድርሶ ካስረከበው፣ ካፒቴኑ ቃሲምን ከእስረኞቹ መሃል አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ለሌላ ሰው አይነገርም። ነጅሙዲን አላቅማማም። ያን መኪና ሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን ግመሎች ሸጠው ከአንድ የመናዊ ነጋዴ የገዙት ነው። ጨው ወደ ላይ፣ ገብስና ባቄላ ወደ ታች ያመላልሱበታል። ሁለት ቤት የሚያድረው በሱ ነው። ያም ሆኖ ነጅሙዲን «እሺ፣ ይውሰደው» ለማለት ምራቁን እንኳ አልዋጠም። ይህን ግን ሐጂራ አላየችም። ያየችው መኪናው ሲወጣና ከሰዓት በኋላ መልሶ ግራሩ ሥር ሲቆም ነው።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ሁሉ ድልድዩ አጠገብ ይፈተሻል። ፍሬን ያያሉ፣ መብራት ያያሉ፣ ጎማውን በጫማቸው ይመታሉ። በመጨረሻ አንድ ወታደር ታኒካ ሙሉ ውሃ መስታወቱ ላይ ይደፋና መጥረጊያው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይታያል። ከላይ ጣርማበር ላይ ጉም አለ፤ በጉም ውስጥ ገደል የገቡ መኪናዎች አሉ። ካለፈ በሩ ላይ በነጭ ቀለም ክብ ይሣሉበታል። ክብ የሌለው መኪና አቀበቱን ከጀመረ ኬላው ላይ ይተኮስበታል። ትናንት የነጅሙዲን መኪና ሁሉንም አለፈ። ውሃው ሲደፋበት ግን መጥረጊያው አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል አለና እዚያው ቀረ። ፈታሹ ፈረንጅ፣ ወፍራም፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ሰው፣ በእጁ ወደ ኋላ አሳየው። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ነጅሙዲን ያን መጥረጊያ ተጠቅሞበት አያውቅም። ቆላ ላይ ሲዘንብም እንደ ጅራፍ ገርፎት ያልፋል፤ አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቀዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደ ሾፌሮቹ ሁሉ የትምባሆ ቅጠል አርሶ መስታወቱን ያሸዋል፤ ውሃው ሳይዝ ይንሸራተታል። ለሾፌር ይህ ይበቃዋል፤ ለፍተሻ ግን አይበቃም። አሁን መጥረጊያውን ነቅሎ አየው። ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቋንጣ ሆኗል፤ ሲያጥፈው ተሰበረ። ከውስጥ ጎማ በቢላ ቀጭን አድርጎ ቆርጦ አሰረለት። ሞተሩን አስነሣ፤ አልተንቀሳቀሰም። ክንዱን በእጁ ሲገፋው ግን ሳይከብድ ይሄዳል። ስለዚህ ክንዱ አልተጣበቀም። ከመስታወቱ በላይ ያለችውን፣ ክንዱን የምታወዛውዘውን ትንሽ የብረት ሣጥን ፈታ። ውስጧ አቧራና የሞተ ተርብ ነው ያለው። ጠረገ፣ ቅባት ቀባ፣ መለሰ። አሁንም የለም። ፀሐይዋ ግራሩን አልፋ ጀርባው ላይ መጣች።

ታከለ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ታከለ የደብረ ሲና ሰው ነው፤ እሱም ሾፌር። መኪናው ከገበያው ማዶ ከቆመ ሳምንት አልፎታል። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ኮፈኑ ላይ ተደገፈ።

«ሰማሁ፤ አባረሩህ አሉ።»

«አባረሩኝ።»

«ዕድለኛ ነህ። የኔዋ ታማለች፤ መነሣትም አቅቷታል።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሆድ ዕቃዋን አውጥቼ የቀበርኩበትን ሥፍራ እኔና ማርያም ብቻ ነን የምናውቀው። ነጅሙ፣ ስማኝ። ዝም ብለህ ተዋት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፍተሻውን ደህና ሆና ያለፈች መኪና ስትመለስ አላየንም።»

«እኔ ልመልሳት አይደለም የምወስዳት። ልሰጣት ነው።»

ታከለ አየው። ቃሲምን ያውቀዋል፤ አንድ ሌሊት ጀውሃ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው አብረው አድረዋል። ቀልዱን ትቶ ኮቱን አውልቆ ገባ። ከሣጥኗ ወደ ሞተሩ የሚወርደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ያገኘው እሱ ነው። በመስታወቱ ጎን ተደብቆ ወርዶ ኮፈኑ ሥር ይገባል። በሁለት ጣቱ ሲይዘው እንደ ተጠበሰ ቂጣ ፍርክስ አለ። የቆላው ሙቀት ከውጭ፣ የሞተሩ ሙቀት ከውስጥ ሆነው ጨርሰውታል። «ይኸው በሽታው» አለ ታከለ። «መጥረጊያዋ የምትንቀሳቀሰው ሞተሩ በዚህ ሲነፋላት ነው። ቀዳዳ ባለው ወናፍ ብረት አይጋልም።»

እንዲህ ያለ ቱቦ ያለው በጣሊያኖቹ መጋዘን ውስጥ ነው። ለአገሬው ሰው አይሸጥም። ሙከራው ከዚያ በኋላ ብዙ ነበር። ጨርቅ ጠቅልለው በሰም ነከሩት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ወረደ። ቆዳ ሰፉ፤ በስፌቱ በኩል ተነፈሰ። ታከለ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት አፈሩን ይጭር ጀመር። «አንጀት ነበር የሚሆነው» አለ ለራሱ ያህል። «የፍየል አንጀት። ስፌት የለበት፣ ቀዳዳ የለበት። ዛሬ ግን ማን ያርዳል? ነገ ለጁምዓ እንጂ።» ነጅሙዲን በልቡ የሰፈሩን ፍየሎች ይቆጥር ነበር፤ የማን ነው፣ ማን ይሰጠኛል፣ ለማንስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ።

ሐጂራ ከቤቷ ወጣች። አንገቷ ላይ ገመድ ያለባትን ፍየሏን እየጎተተች ነው። ያቺ ፍየል ከወለደች ገና ነው፤ ጡቷ እንደ ተወጠረ ነው። ጡት የጣለው የቃሲም ትንሹ ልጅ የሚያድረው በሷ ወተት ነው። ሐጂራ መኪናው አጠገብ ስትደርስ ገመዱን ዘረጋችለት። ነጅሙዲን ገመዱን ሳይቀበል ቆየ።

«ሐጂራ፣ ይቺኮ...»

«አንጀት አላላችሁም?» አለችው። ዓይኑን አላየችውም። «ይኸው አንጀት። ያርዷት፣ ጋሼ ነጅሙ።»

ጧት የተናገረችውን መስማቱን ታውቅ ይሆን? ነጅሙዲን አላወቀም። ምናልባት ቅድም ታከለ ሲያወራ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰምታ ይሆናል፤ ልሰጣት ነው ያለውን። ነጅሙዲን ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ሙሀባ ከጓዳ ጎድጓዳ ገበቴ ይዛ መጣች። ሁለቱ ሴቶች አንጀቱን አጠቡ፤ አንዷ ውሃ ታፈሳለች፣ ሌላዋ በጣቷ ትገለብጣለች። ያ ውሃ ከወንዙ በእንስራ የመጣ የመጠጥ ውሃ ነው። የፍየሏ ግልገል ከጎጆው ውስጥ ይጮኻል።

«መኪናህ እስላም ናት ክርስቲያን?» አለ ታከለ እጁን እያበሰ። «እኔ የእስላም ሥጋ አልበላም። የኔዋ ብትሆን አትቀበለውም ነበር።»

«ያንተዋ ቀድሞም ሆድ ዕቃ የላትም» አለች ሐጂራ። በዚያች ግቢ ያን ቀን የተሣቀው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም አልቆየም።

አንጀቱን ከሣጥኗ እስከ ሞተሩ ዘርግተው ጫፍና ጫፉን በክር አሰሩ፤ ቅቤ ቀቡበት። ነጅሙዲን ማስነሻውን ብረት አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። መጥረጊያው ግን አልነቃነቅም አለ። ታከለ መሪው ላይ ተቀምጦ ነዳጁን በኃይል ረገጠ። «ይንፋላት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩ አጓራ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላ፣ መጥረጊያው ዝም። ነጅሙዲን ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንጀቱን ያይ ነበር። መነፋት ነበረበት፤ አልተነፋም። እንዲያውም ሁለቱ ጎኖቹ ተጣብቀው እንደ ክር ቀጥነዋል። ጋያ የሚያጨስ ሽማግሌ መቃውን ሲስብ ጉንጩ ወደ ውስጥ እንደሚገባ። እዚያው እንደጎነበሰ ቀረ።

«ታከለ፣ አይነፋም» አለ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ። አይነፋም፤ ይስባል። ይህን ያህል ዘመን ይዘነው የሚነፋ ይመስለናል። የሚስብ ነገር ለስላሳ ቱቦ ይዞ እንዴት ይሆናል? አጥንት ያስፈልገዋል።»

ሐጂራ ምንም ሳትጠይቅ ገባች። ስትመለስ የአባቷን የጋያ መቃ ይዛለች፤ ረጅም፣ ጭስ ያጠቆረው፣ አፉ ላይ በብር የተጠለፈ። ብሩን በጥርሷ ነቅላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና መቃውን ሰጠችው። ነጅሙዲን መቃውን በአጭር በአጭሩ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ አንጀቱ ውስጥ አስገባ። መታጠፍ በሚገባው ቦታ ላይ በቁራጮቹ መሃል ትንሽ ክፍተት ተወ፤ እንደ እባብ አጥንት። እንደገና አሰሩት። እንደገና ብረቱን አዞረ። መጥረጊያው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰ፣ አሁንም ሄደ። አቧራውን ጠርጎ መስታወቱ ላይ የማራገቢያ ቅርጽ ሣለ። ሙሀባ «አልሃምዱሊላህ» አለች። ከነጋ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ሁለት ነገር ግን ታየ። ታከለ ነዳጅ ሲረግጥ መጥረጊያው ይቆማል፤ እግሩን ሲያነሣ ይሄዳል። ሞተሩ ጉልበቱን ለራሱ ሲፈልገው ለመጥረጊያው የሚተርፈው የለም ማለት ነው። ሁለተኛው የከፋ ነው። አንጀቱ ሞተሩ አጠገብ ሲቆይ ደረቀ። ሲደርቅ ጠነከረ፣ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ፣ መጥረጊያው ሰነፈ። ነጅሙዲን ውሃ አፈሰሰበት፤ ለሰለሰ፣ ሠራ። አልፎ አልፎ ካላረጠቡት አይሆንም። የተረፈውን አንጀት የጨው ውሃ በሞላበት ቅል ውስጥ ከተተው። ሐጂራ ደግሞ የቃሲምን ጋቢ አጥባ ነበርና አጣጥፋ በገመድ አሰረችው። ደብረ ሲና ብርድ ነው፤ ሲወጣ ይለብሰዋል። ጋቢዋንና ቅሏን ይዛ ወንበሩ ላይ ከነጅሙዲን ጎን ወጣች። ትሄጃለሽ ያላት የለም፤ ትቀሪያለሽም ያላት የለም።

ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ዙህር አልፏል። ሐጂራን ከአጥሩ ውጭ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አወረዳት። ፈታሹ ፈረንጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሎሚ ይመጣል። አብዱልወሃብ ከጎኑ ቆሟል፤ ነጅሙዲንን ሲያይ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ነጅሙዲን ይህን አየ። ሰው ፊት ዘመድ መሆኑን ሊደብቅ ነው ብሎ ተወው።

ፍሬኑን አዩ። መብራቱን አዩ። ወታደሩ ታኒካውን ይዞ መጣ። ነጅሙዲን ከመድረሱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ አንጀቱን አርሶታል። ያ ረቢ፣ ለዚህች ጊዜ ብቻ፣ አለ በሆዱ። ውሃው መስታወቱ ላይ ተደፋ፤ ዓለሙ ሁሉ ተድበሰበሰ፣ ፈረንጁም አብዱልወሃብም ወንዙም። መጥረጊያው ሄደ። ፈረንጁ ብድግ ብሎ ቀረበ። በእግሩ መሬቱን እየመታ ነዳጅ ርገጥ የሚል ምልክት አሳየው። ነጅሙዲን እንደ ረገጠ አስመስሎ እግሩን ፍጹም አነሣ። መጥረጊያው ይበልጥ ፈጠነ። መስታወቱ ጠራ። የፈረንጁ ፊት ወለል ብሎ ታየው፤ እየሳቀ ነው።

ኮፈኑን አስከፈተና ቱቦውን አየ። በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ሁለት ጓደኞቹን ጠራ፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው እያዩ ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ፈረንጁ የነጅሙዲንን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ወታደሩ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ነጭ ክብ ሣለ። ነጅሙዲን ሰላምታ ሰጥቶ ወደ መሪው ሊወጣ እግሩን ሲያነሣ ወታደሩ በክንዱ ከለከለው። ከጀርባ ቀይ ተርቡሽ ቆብ ያደረገ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ መጥቶ ወደ መኪናው ወጣ፤ ወንበሩን ለቁመቱ አስተካከለ፣ መሪውን ነካ ነካ አደረገ።

«ምንድን ነው?» አለ ነጅሙዲን። «አብዱልወሃብ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

አብዱልወሃብ ሹሞቹን ሳይጠይቅ መለሰ። ቀድሞም ያውቀው ነበር።

«ትእዛዝ ወርዷል፣ ጋሼ ነጅሙ። ፍተሻ ያለፈ መኪና ሁሉ ለጦሩ ይሁን ተብሏል። ከትናንት ወዲያ ነው የወረደው።»

«እኔ ለካፒቴኑ ነው የማደርሳት። ንገራቸው።»

«ይህን መናገር አልችልም። የካፒቴኑ ነገር በጓዳ ነው። ብናገር እሱም ያልቃል፣ እኔም አልቃለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልንዳው በላቸው። አብሬ ልውጣ። እዚያ ስደርስ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።»

አብዱልወሃብ ይህንን ለፈረንጁ ነገረው። ፈረንጁ ሎሚውን እየመጠጠ ራሱን ነቀነቀ፤ ትከሻውን እንደገና መታ መታ አደረገውና ወደ ወንበሩ ሄደ። ነጅሙዲን የአብዱልወሃብን እጅ ያዘ። የልጅ እጅ መሰለው፤ በላብ ርሷል።

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም? ቤቴ መጥተህ ውሃ ጠጥተህ ሄድክ።»

«ትናንት ወድቃ ነበር መኪናዋ» አለ አብዱልወሃብ። «ዛሬም ትወድቃለች ብዬ... ሙሀባን ነግሬያት ነበር። አትንገሪው አልኳት። ብነግረው ባዶ እጁን ይወጣና እሱንም ያስሩታል ብዬ።»

ነጅሙዲን እጁን ለቀቀው። የጧቱ የሙሀባ ዝምታ አሁን ምን እንደነበረ ገባው። ከግድግዳው ወዲያ ቆማ ሐጂራን «አይደለም» ለማለት አፏን ያልከፈተችው፣ ገበቴውን ይዛ ስትመጣ ዓይኑን ያላየችው። መጥረጊያው ሲሠራ አልሃምዱሊላህ ስትል ምን እያሰበች ነበር? ምናልባት በዚያች ሰዓት እሷም ይሆናል ብላ አምና ነበር። ለመናደድ ፈለገ፤ አልመጣለትም።

«ወዴት ነው የሚወስዷት?» ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

አብዱልወሃብ መሬት መሬቱን አየ። «ዛሬ ደብረ ሲና ታድራለች። ነገ ጧት እስረኞቹን ጭና ጣርማበርን ትወጣለች።»

ነጅሙዲን ሎሚ ልጣጭ ላይ ዝንብ ሲሰፍር አየ። ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ልብስ እየመታች ታጥባለች፤ እጇ ሲወርድ ያያል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ቃሲም ያን መኪና ከኋላ ወጥቶ፣ ሸራው ሥር፣ እጁ ታስሮ ሲቀመጥ በሐሳቡ አየው። የእንጨቱን ጣውላ ያውቀዋል ቃሲም፤ ራሱ ነው የመታው። ጉሙ ደግሞ እንደ ጥጥ ወርዶ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ አየው። ከመስታወቱ ወዲያ የጣርማበር ገደል አለ። ሞተሩ አቀበቱን ሲቧጥጥ መጥረጊያው ይቆማል፤ አስካሪው ይብስ ይረግጠዋል፤ አንጀቱ ይደርቃል።

አስካሪው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ነጅሙዲን ሮጠ። ወታደሩ ጠመንጃውን አነሣ፤ አብዱልወሃብ በጣሊያንኛ ጮኸ። ነጅሙዲን በሩን ያዘ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ወንድሜ።»

አስካሪው ወጣት ነው። ሰላምታው አስደነገጠው። «ወዓለይኩሙ ሰላም» አለ።

«ስማኝ። አቀበት ላይ መጥረጊያው ይቆምብሃል። ነዳጅ አትጨምርበት፤ እግርህን አንሣ። ትንሽ አንሣ፣ ይጠርግልሃል፣ ከዚያ ርገጥ። ገባህ? ይህን ኮፈን ክፈተውና ይህን አንጀት አርጥበው። ከመነሣትህ በፊት አርጥበው፣ ጉሙ ሲጀምር ቁምና አርጥበው። ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ...» ዞር አለና በማንጎው ጥላ ሥር ወዳለችው ሴት ጠራ። «ሐጂራ! ቅሉን!»

ሐጂራ መጣች። የከለከላት የለም፤ ወይም ሲከለክሏት አልሰማችም። አስካሪው ነጅሙዲንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። መኪናውን የተቀማ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቶ አያውቅም።

«ምን አገባህ አንተ?» አለው በተሰባበረ አማርኛ። «አሁን ያንተ አይደለም።»

«ነገ ወንድሜ ከኋላህ ነው የሚቀመጠው» አለ ነጅሙዲን።

አስካሪው ዞሮ ወደ ኋላው ጣውላ አየ። ሐጂራ ደግሞ ይህን ሰማች። ነጅሙዲን ሊነግራት የፈራውን ያኔ ሰማች። አልጮኸችም። የቅሏን ክዳን ነቅላ ወደ ኮፈኑ ሄደችና አንጀቱን ከአናቱ ጀምራ አረጠበችው፣ ጠብታ እንዳይባክን በመዳፏ እያሸች፣ ሕፃን እንደምታጥብ። የፍየሏ አንጀት ነው፣ የአባቷ መቃ ነው። ከዚያ ቅሉን ከድና ለአስካሪው አቀበለችው። ጋቢውንም አቀበለችው።

«ብርድ ነው እዚያ» አለችው። «ረጅም ነው፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። ቃሲም ብለህ ጥራው።»

አስካሪው ጋቢውን ጭኑ ላይ አደረገው። ፈረንጁ ከወንበሩ ሆኖ በእጁ ሂድ አለ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ላይ ያለው ነጭ ክብ ገና አልደረቀምና ቀለሙ በአንድ በኩል ወርዷል። መጥረጊያውን የምታቆመዋ መዝጊያ ከሣጥኗ ጎን የተደበቀች ናት፤ ነጅሙዲን እሷን አላሳየውም። ስለዚህ መጥረጊያው እየሠራ ሄደ፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ደረቅ መስታወት ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አቧራ እየጠረገ። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆመው አዩት።

ሐጂራ ክንብንቧን አስተካከለች።

«ጋሼ ነጅሙ» አለች። «ነገም ያረጥበው ይሆን?»

ነጅሙዲን የወጣቱን አስካሪ ፊት ለማስታወስ ሞከረ፤ በዓይኑ የቀረው ተርቡሹ ብቻ ነው።

«ያረጥበዋል» አላት።